ቀላል አይደለችም

ዮርዲስ ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላ
ከመኪናዋ ወረደች፣ እንደተኛ ሕፃን አዝላ።
«የአባቴ ነው» አለችኝ፣ «ሸጬው ልገላገል፤
በረዶው ሳይመጣ ለጣሪያዬ ይሆናል።»

አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ሸለቆ፣ በሃርየዳለን፣
ስንት ብረት አለፈ በእጄ! ስንቱን ፈታሁ፣ ዘይት ቀባሁ ስንቱን።
የዚህ ፋብሪካ ሥራ ለእጄ እንግዳ አይደለም፤
ዓይኔን ብጨፍን እንኳ ክብደቱን አልስትም።
ሦስት ኪሎ ተኩል ይላል ክንዴ ለምዶ፤
ይሄን ሳነሣው ግን ከፍ አለ ተዋርዶ፣
ሙሉ መስሎት ባዶ ባልዲ እንዳነሣ ሰው።
«ይሄን ምስኪን ብረት» አልኩ በሆዴ፣ «ማነው ያሳነሰው?»

ጉማጅ ነው አልኩ። አይቻለሁ የሰካራም መጋዝ
በአንድ ማታ ያበላሸውን፣ ስንት መልካም አፈሙዝ።
መነጽሬን ገፋሁ፤ ብረቱን ለመብራቱ ሰጠሁ፤
የመጋዝ ጥርስ፣ የሞረድ ጭረት፣ ፈልጌ አጣሁ።
ቀጭን ነበር ጥንቱን፤ በሽታ አላከሳው፣
እንዲሁ ነው ከእሳት ማህፀን የተነሣው።

የቃታው እጀታ፣ ያቺ ክብ ጉብታ፣
ሆዷ ተቦርቡሮ፣ ቀንድ አውጣ የለቀቀችው ቦታ።
የጥይት ማደሪያው ክዳን አሉሚኒየም፤
ማግኔት አስጠጋሁለት፤ ዝም።
ሁለቱን ብሎን ፈትቼ ብረቱን ከእንጨቱ ባላቅቀው
የለውዙ ግንድ ውስጡ እንደ ጀልባ ሆድ፣
የተማረ እጅ፣ ማንም በማያየው በኩል፣ ቀስ ብሎ የፋቀው።
ሚዛን ላይ፦ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ።
ከቁጥሩም ፊት አንዲት ፊደል፣ ዝገት ጠርዟን በልቶ፣
ቀርታለች።

ያስተማረኝ ሽማግሌ፣ ሲግቫርድ፣ ስለዚች ፊደል
«ለተራራ ተሠርተው ነበር» ይለኝ ነበር፣ «ጥቂት፣ ቀላል፤
አንዱን ባየሁ!» ሳያይ ሞተ።
ተረት ብዬው ነበር። ይኸው ተረቱ በጠረጴዛዬ ተከፈተ።

«ዮርዲስ» አልኳት፣ «ይሄ ጣሪያ ብቻ አይደለም፣ ቤት ነው።»
ሣቀች። እኔ ግን አልጨረስኩም፤ የቀረኝ ሰደፉ ነው።
ሦስት ጣት ያጥራል፤ ይህንንም መጋዝ አልነካው፣
ለሌላ ትከሻ ነው መጀመሪያም የተለካው።
«አባትሽ ረጅም ነበር?» «በር ሲያልፍ ጎንበስ ይላል።»
«እንግዲያ ይሄ ሲተኮስ አውራ ጣቱ አፍንጫውን ይመታል።»

የሰደፉን ሽፋን ፈታሁ። ከስሩ፣ በእርሳስ፣
የጠራቢው ጽሑፍ፣ ግማሹ በዘይት ድምስስ፦
«ቶራ፣ የኤቨርት ሚስት። ልኳ ሠላሳ ሁለት። ለነሐሴ ይድረስ።»

«እናቴ?» አለች። ከዚያ ዝም አለች።
«እናቴ ሥጋውን ትበልት ነበር እንጂ…» ዝም አለች።
«በፎቶው ሁሉ አባቴ ነው ከወደቀው አጋዘን አጠገብ የቆመው።»
«ፎቶውንስ» አልኩ፣ «ማነው ያነሣው?»
በዚያ ዘመን ሴት ብትተኩስ በዚህ ሸለቆ ይሣቅ ነበር፤
እሱ ተሸክሞ ወጥቶ፣ ከጥዱ መሐል ያቀብላት ነበር
ይሆናል። እኔ የማውቀው ብረት ነው።

ዝምታው ሲከብደኝ፣ የሙያ ወሬ ብዬ፣
«ቀላል ጠመንጃ» አልኩ «ይራገጣል፤
ቀጭን ትከሻ ላይ ለሳምንት የሚጠቁር ምልክት ይተዋል።»

ወንበሩን በእጇ ፈለገች።
«በየመኸሩ፣ እዚህ ጋ» አለች፣ ቀኝ ትከሻዋን ነክታ፣
«በር መታኝ ትል ነበር። ሁልጊዜ በር፣ ሁልጊዜ ማታ።
አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በሩን አላመንኩትም።
አባቴን ጠረጠርኩ። እስኪሞት አላቀፍኩትም።»

ብሎኖቹን መለስኩ። አንዱ ወድቆ ተንከባለለ፣
ከመደርደሪያው ስር ለማውጣት በሆዴ ተሳብኩ፤ ደግ አደረገ፣ ፊቴን ከለለ።

መዝገቤ ላይ የምሞላው አለ፤ ዓይነት፣ ቁጥር፣ ክብደት።
ፊደሏን ጻፍኩ። ቁጥሯን ጻፍኩ። ሦስተኛውን ጀመርኩና ተውኩት።
በሩ ድረስ ሸኘኋት። ይዘንባል፤ የጣሪያውን ነገር አላነሣችም።
ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ አቀፈች። ቀላል አይደለችም።