አሥራ ዘጠነኛዋ

እሑድ ከቀትር በኋላ፥ ቂርያት ጋት፥ ጤና ቢሮ፤
ውጤቱ ደረሰኝ፦ ኩፍኝ ነው፥ ተጣርቶ ተመርምሮ።
አውቶቡስ ነጂው ተሻገር፥ ሽፍታው ፊቱን ሳይወርረው፥
ዓርብ ረፋድ ከክሊኒኩ ወንበር፥ ጉንፋን መስሎት ሲያስለው፤
እሱ ከሄደም በኋላ አየሩ ይዞት ይቆያል፤
ሁለት ሰዓት ሙሉ ክፍሉ፥ ሰው የሌለበት ይመስላል።
መርፌው የሚቀድመው ግን ሦስት ቀን ነው፥ ከዚያ ያልፋል፤
ዓርብ እዚያ ለተነፈሰ፥ በሩ ሰኞ ረፋድ ይዘጋል።

ስልክ አነሳሁ። በዕብራይስጥ፥ በሩስኛ፥
ባማርኛ፤ አንዷ ሰደበችኝ፥ አንዱ አመሰገነና ተኛ።
አሥራ ስምንቱ ተገኙ። ወንበሩ ግን አሥራ ዘጠኝ ነበረ፤
ጥግ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች፥ ስሟ መዝገብ ያልሰፈረ።
ሐኪም ፍለጋ አልመጣችም፤ ዝናብ ነው ያስገባት አሉ፤
ሕፃን ታቅፋ ነበር። ሌላውን፥ ሁሉም «እንጃ» ይላሉ።

አባ ዳኘው ከጎኗ ነበሩ። «ጤና ቢሮ» ስላቸው ዝም።
ከዚያ፦ «ያኔ ደም ስጡ አላችሁን፤ ሰጠን፤ ደፋችሁት። አሁን ደግሞ ስም?»

መልስ አልነበረኝም።
እናቴም ያኔ ሰጥታ ነበር።
ግድግዳው ላይ ሰዓቱ ይሄዳል።

«አባቴ፥» አልኩ፥ «ልጅ ስትድሩ፥ ሰባት ቤት ትቆጥሩ የለ?
ይኸም ያው ዘመድ ቆጠራ ነው፤ ዓርብ ለት በትንፋሽ የተዛመደ አለ።»

ሲያስቡ ሰማኋቸው።
«አነጋገሯ የቋራ ነው፤ ግንባሯ የነጓንጉል ዘር፤
የአጎቷ ልጅ ባዩህ ዳቦ ቤት አለው፥ ከባቡር ጣቢያው ሰፈር።»

ባዩህ ወደ አክስቱ፥ አክስቲቱ ወደ ጎረቤት፥
ጎረቤት ወደ ልጅቱ፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት፥ አራተኛ ፎቅ፥ መብራት የጠፋበት ቤት።
ስሟ ስንዱ። ልጇ ኤላድ፤ ስምንት ወሩ፤ በሁለት ጥርስ ይስቃል።
«ምንም አልሆነም» አለችኝ። «እንዳይሆን ነው» አልኩ፥ «ጠዋት ባንድ ሰዓት ይከተባል።»

ሦስት ሳምንት አለፈ።
ኤላድን አላተኮሰውም። ክሊኒኩ አልተዘጋም። ጋዜጣ አልጻፈም።
ስንዱ ገበያ አገኘችኝ፤ ረስታኛለች፤ ሰላም አላለችኝም።
አባ ዳኘው ግን ደወሉ፦ «ያ ቆጠራሽ፥ ከስንት ደረሰ?»
«አሥራ ዘጠኝ ላይ» አልኳቸው፥ «እዚያው ሐረጉ ተበጠሰ።»