ሁለተኛው ውርወራ

የካቲት ነው። ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ አደረ፤
አባቴ ታኔሊ በረዶውን ሰረሰረ፣
ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ለካና፣
«ይሸከማል» አለ፣ «አምጪያት ያቺን መኪና።»

ቮልቮ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ፣
በኋላ ጎማዋ እየተገፋች የምትሮጥ፣
በዕቃ መጫኛዋ ሁለት ጆንያ አሸዋ፤
ቆማ ስትታይማ ጭምትና ጨዋ።

«ከፊት የሚጎትት ዝም ብሎ ይታዘዛል፣
ይቺ ግን ከጀርባ ነው የምትገፋሽ» ይላል፤
«የሚገፋሽ ነገር ሊቀድምሽ ይሻል፤
ይሄን ያወቅሽ ዕለት መንዳት ይገባሻል።»

ራቅ ብላ ለምፒ፣ የጎረቤት ባልቴት፣
ባልዲዋ ላይ ተቀምጣለች፣ ከዓሣ ቀዳዳዋ ፊት።
እጇን አነሳችልን፤ እጃችንን አነሳን።
በእኛ ሰፈር ይሄ ረጅም ወሬ ነው። አለፍን።

ሁለተኛ ማርሽ። መሪውን ወደ ግራ።
ነዳጁን ረገጥኩ፤ ኋላዋ ከዳኝ፣ በራ፤
ሰማዩ፣ ጥዱ፣ የለምፒ ቀይ ኮፍያ፣
ጥዱ፣ ሰማዩ፣ ደግሞ ቀይ ኮፍያ፣
ስንቆም የመጣንበት ከፊታችን ቆሟል፣
አባቴ ጭኑ ላይ ሻዩ ፈሶበታል።
«ድገሚ» ብቻ አለ።

ደገምኩ። ስትከዳኝ ፍሬኑ ላይ ዘለልኩ፤
ባሰባት። ነዳጁን ባንድ ጊዜ ለቀቅኩ፤
ባሰባት።

«እግርሽ ነው የደነበረው፣ እጅሽ ምንም አይል፤
ድመት እንደተኛበት ጭን፣ ሲነሳ ቀስ ይበል።
ዓይንሽንስ የት ጣልሽው? ጥዱን ነው ያየሽው፤
ጥድ ጥዱን ያየ ሰው፣ ጥድ ነው የሚደርሰው።
መድረስ የምትሺውን እዪ፣ እጅሽ ይከተላል፤
እጅ ከዓይን ወዲያ ጌታ የት ያውቃል?»

ከሰዓት በኋላ አንዲት ኩርባ ያዝኩ፤
ጭራዋ ወጣ ሲል መሪውን ወደዚያው መለስኩ፣
ነዳጁን በጣት ያህል፣ በትንፋሽ ያህል ሰጠሁ።
ቆመች። አልቆመችም። እየሄደች ቆመች፤
በጎኗ ተንሸራታ፣ የት እንደምትሄድ አወቀች።
በጎን መስኮቴ ነበር መንገዴ የታየኝ፤
ያኔ ነው በሕይወቴ ቀጥ ያልኩ የመሰለኝ።

ሳቅሁ። በሳቄ መሃል፣ መሪውን ሳልመልስ፣
አንድ ትንፋሽ ዘገየሁ፤ ጎማው በረዶ ሲነክስ
ያ ያጠፍኩት ሁሉ፣ ያ የታገልኩበት፣
ወደ ሌላው ጎን ወረወረኝ፣ በእጥፍ ጉልበት፤
ክምሩ ውስጥ ገባን።
ለምፒ ዞር ብላ አየችን፤ ደግሞ ወደ ዓሣዋ።

በሩ አልከፈት ብሎት በእኔ በኩል ሲወጣ፣
«የመጀመሪያው አይገልም» አለኝ፣ ሳይቆጣ፤
«እሱንማ ያዝሽው። የሚገለው ሁለተኛው ነው፤
እንደዳነ ሳያውቅ ገና የሚታገለውን ነው።»

አካፋ ሳነሳ፣ እሱ ቆሞ ማዶ ያያል፤
ከወዲያኛው ዳር የአጎቴ የካውኮ ሳውና ይጨሳል።
አስራ አንድ ዓመት ሆናቸው፤ ነገሩ የድንበር ጥድ ነበረ፤
ዳኛው ላባቴ ፈረደ፤ ጥዱም ተቆረጠ፣ ነደደ፣ አረረ፤
አባቴ ግን እስከ ዛሬ መሪውን እንዳጠፈ ቀረ።
ይሄን የምለው እኔ ነኝ። እሱ አካፋውን ነው የተቀበለኝ፤
ግማሽ ሰዓት ዛቀ። ላቡ ቅንድቡ ላይ ሲረጋ ታየኝ።

ከዚያ ትራክተር ሰማን፣ በበረዶው ላይ ቀስ እያለ፣
ከማዶው ዳር የተነሳ፣ ገመድ ያንጠለጠለ።
ካውኮ ወረደ። «ጎማሽ ልጧል» አለኝ፤
ላባቴ ምንም አላለም። መንጠቆውን አቀበለኝ።
እኔ መሪ ላይ፣ ገመዱ ተወጥሮ ሲያቃስት፣
ቮልቮዋ ወጣች እንደ ጥርስ፣ ባንዴ፣ ከነበረችበት።

ቴርሞሱ ውስጥ አንድ ክዳን ሻይ ቀርታ ነበረች።
አባቴ ቀዳት። ዘረጋት። እጁ ላይ በነነች።
ካውኮ ጓንቱን አወለቀ።

በስፖኪዮ አየኋቸው፤
ያወሩ እንደሆን፣ ዝም ያሉ እንደሆን፣ አልሰማኋቸው።
የአባቴን እጅ ብቻ አየሁ፣ ገመዱን ሲያላላ፣
ድመት እንደተኛበት ጭን፣ ቀስ ሲል፣ ከኋላ።