ብናኝ

መጀመሪያ ጮኸ፣ እንደ ታነቀ ድመት፤
ቀጥሎ ጎማ ሸተተ፤ ከዚያ ዝም፣ በድንገት።
የአዌቱን ድልድይ ገና ሳልሻገር
መስታወቱ ታወረ፤ ጠፋኝ ያለሁበት አገር።

«በጅማ ክረምት ላይ ኤሲ ምን ሊረባ?»
ያላለኝ የለም፤ «መስኮት ክፈት፣ ነፋሱ ይግባ!
ከጅሬን የሚወርድ በነፃ እያለ
ብርድ በብር የሚገዛ እንዳንተ ማን አለ?»
መስኮት ሲከፈትለት ዝናቡም እንደሚገባ፣
ሲዘጋ ትንፋሽ እንደሚሆን የመስታወት ካባ፣
የሚያውቀው የነዳት ነው። አባቴ ያውቅ ነበር።
ኤሲው ግን ለእንግዳ ነው፤ ለእኛ ጊዜ ክርክር
የለም፦ «ነዳጅ ይበላል!»
ከፊት ወንበር አጨናንቆን፣ እኔን ከነጂብ ጋር፣
«ጥረጉ» ይለን ነበር፣ ዓይኑን ሳይነቅል ከመንገዱ ዳር፤
እኔ በእጅጌዬ፣ እሱ በጋዜጣ፣
አጋሮ እስክንደርስ የሦስት ሰው ትንፋሽ፣ ያ ሁሉ ጣጣ።

*

ታጁ ከአጂፕ ጀርባ ቆርቆሮ ሥር ይሠራል።
ኮፋኖውን ከፍቶ ፍሪሲዮኑን በጣቱ ይሞክራል፤
አይዞርም። ጥርሱን ነክሷል። «ሞቷል» አለኝ በአጭሩ፣
ለቅሶ ቤት እንደለመደ ሰው፣ ሳይለወጥ ግንባሩ።

ሌላ ይዤ ነበር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ፤
ሶማሌ ተራ ከታረደች እኅቷ የተፈታ።
«እሰረው» አልኩት ቶሎ ብዬ።
«ማሰርማ» አለ ታጁ፣ «አራት ብሎን ነው፤ ለዛሬ ማታ
ትነዳታለህ። ግን ና፣ እይ።» ቱቦውን ገለበጠ፤
ጥቁር ዘይት መዳፉ ላይ ጠብ፣ ጠብ አለና ረጋ፤
ውስጡ እንደ ዓሣ ቅርፊት የሚያብለጨልጭ
የደቀቀ ብረት።
«ሲሞት ራሱን ፈጭቶ ነው፤ በየቱቦው ተቀምጧል።
ሳላጥብ ካሰርኩልህ አዲሱ የሟቹን ብናኝ ይውጣል፤
በሦስት ወሩ ይከተለዋል።»

መዳፉን አየሁ። ቆየሁ።
አባታችን ካለፈ ሁለት ዓመት ሆነው፤
ነጂብ «ትሸጥ»፣ እኔ «አትሸጥም»፤ ሽማግሌ ቢቀመጥ ምን ሊሆነው!
አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ነው አጋሮ ከጅማ፤
ስንት ዒድ አለፈን፣ አንዳችን የአንዳችንን ድምፅ ሳንሰማ።

*

ኮንደንሰሩ ታጠበ፤ ተነፋ፤ እንደገና ታጠበ፤
በሦስተኛው ነው እጣቢው ከብረቱ የነጣ።
ድራየሯን ግን ጥግ ወረወራት፦ «ይቺ ቆሻሻ
ዋጪ ተብላ ተሠራች፤ አትታጠብም። መጨረሻ
ላይ ትጣላለች።»
አዲስ የጎማ ቀለበት፤ ዘይት በሲሪንጅ ተለክቶ፤
አራቱም ብሎን ገባ፣ ታጁ ዝገቱን ረግሞ፣ አባብሎ፣ ቆጥቶ።
ከዚያ ቫኩሙን ሰካ።
«አየሩን ሁሉ ይምጠጥ። ከዚያ አጥፍተን እንጠብቃለን፤
መርፌው ካልተነቃነቀ ቀዳዳ የለም እንላለን።»
«ስንት ሰዓት?»
«አንድ። እንዳትነካው።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በቆሎ ይፈለፍላል፤
ፉአድ፣ ረዳቱ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይልጣል።
ስልኬን አወጣሁ። ስሙን ፈለግሁ። ጠራ፤
ጠራ፤ አላነሣም።
መርፌውን አየሁ፦ ቆሟል። ደግሜ አየሁ፦ እዚያው።
የማይነቃነቅ ነገር እንዲህ ደስ እንደሚል
አላውቅም ነበር።

*

ወደ ቦሳ ቂጦ ስመለስ መሽቷል። ያው ዝናብ። ያው ጭጋግ።
ተጫንኩት። ሞተሩ አንዴ ዝቅ አለ፣
ሸክም ሊያነሣ ጉልበቱን እንደሚያጥፍ ሰው፤ ከዚያ ቀና።
መስታወቱ ከሥር ወደ ላይ እየጠራ መጣ፤
መጀመሪያ አስፋልቱ፣ ቀጥሎ ባጃጅ፣ ቀጥሎ ዣንጥላ ያጣ
ተማሪ፣ ደብተሩን ደረቱ ውስጥ የሸጎጠ፤
ሁሉም፣ ማንም ሳይጠርግለት፣ በየቦታው ተቀመጠ።
እጅጌዬ ደረቅ ነበር።

ያኔ ስልኩ ጮኸ።
«ደውለህ ነበር?» አለ ነጂብ።
ምን ልበል? «ኤሲው ተሠራ» አልኩት።
ዝም አለ። ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ዝናቡም፤ እዚያም ይዘንባል።
«ነዳጅ ይበላል» አለኝ፣
በአባታችን ድምፅ።

አልዘጋሁትም።