አምስት ቀይ

ከሞንግ ኮክ ጣቢያ ወጥቼ፣ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር፣
ግሪሱ ከጥፍሬ ሳይለቅ፣ ገባሁ ወደ ዓሣው መንደር።
ላስቲክ ከላስቲክ ተሰቅሎ፣ ግድግዳው በውሃ ታጥሮ፣
በየላስቲኩ አንዲት ነፍስ፣ ዋጋዋ በቀለም ተሞንጭሮ።

ወይዘሮ ሳው-ኪንግን፣ ግንባሯ ላይ የረሳችውን መነጽር ስትፈልግ አግኝቻት፣
«መንጋ ነው የምሻው፣ ትንንሽ ዓሣ፣ አብሮ የሚዋኝ» አልኳት።
«ገንዳዬ ሃያ አምስት ሊትር፣ ከአልጋዬ ራስጌ ያለች፣
ስድስት ወር ውሃዋን ሳበስል፣ ያለ ዓሣ የከረመች።
ኮራሏ ጣት ጣት አክሏል፣ ድንጋይዋ ወይን ጠጅ ለብሷል፤
አሁን አንድ ነገር ብቻ፣ የሚንቀሳቀስ ጎድሏል፦
አንድ ላይ የሚዞር፣ አንድ ላይ የሚታጠፍ፣
እንደ ታጠበ ሐር፣ በነፋስ የሚንሳፈፍ።»

ትልቁ ገንዳ ውስጥ ክሮሚሶች አሉ፤ ሰማያዊ ናቸው ስል አረንጓዴ፣
አንዱ ሲታጠፍ ሰላሳው በአንዴ።
«ስምንት ስጪኝ» አልኩ።
ሳቀች። «ስምንት ትወስዳለህ፣
በወሩ ስድስት፣ በሁለት ወሩ ሦስት ትቆጥራለህ፤
ሬሳ አታገኝም፣ ጠብም አታይ፤
አንድ ማለዳ ስትነሳ ግን፣ አለልህ አንዱ ድንጋይ ላይ፣
ወፍሮ፣ አምሮበት፣ ብቻውን ሹም ሆኖ።
ይህን ሳልናገር ስንቱን ሸጥኩ፣ የሱቅ ኪራይ ገፍቶኝ፣ ቀኑ ጨልሞ።»

«እዚህ ግን ተስማምተው የለም ወይ?»
«እዚህማ እሱ አለ» ብላ ጥጉን አሳየችኝ፤
ድንጋይ ያልኩት ነገር ዓይኑን ገልጦ አየኝ።
«አፈ ሰፊ ነው፤ እሱን ፈርተው ነው የተቃቀፉት።
መንጋ ማለት ሌላ አይደለም፤ ፍርሃት ነው፣ መልክ ሲሰጡት።
ፍርሃቱን ብታነሳ ጎረቤት ይሆናሉ፤
ጎረቤታሞች ደግሞ፣ መቼም ታውቃለህ፣ በድንበር ይጋደላሉ።»

ዝም አልኩ። እኔ አሳንሰር ጠጋኝ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
ከሰው አናት በላይ፣ በገመድና በቅባት።
ዘጠኝ ሰው በአንድ ሳጥን እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ፤
ዓይን ሁሉ ቁጥሩ ላይ፤ ትንፋሽ ሲቆጥቡ አይቻለሁ።
ባለፈው ነሐሴ፣ አውሎ ነፋሱ መብራት ያጠፋ ለታ፣
በአስራ ሦስትና በአስራ አምስት መሃል አንዷ ቀረች ተገትታ።
(አስራ አራት የለንም፤ አራት በእኛ አፍ ሞትን ስለሚመስል
ዘለልነው፤ ፎቁ ግን አለ፤ አስራ አምስት ተብሎ ሰው ይኖርበታል።)
ክዳኑን ከላይ ከፍቼ፣ ባትሪዬን ወደ ውስጥ ሳበራ፣
ቫዮሊን ያዘለች ልጅ፣ ብርቱካን የያዘ ሽማግሌ፣
ዕቃ አድራሽ ከነሄልሜቱ፣ ሌሎቹም፣ ሁሉም በአንድ ስፍራ፤
ማን የማንን እጅ እንደያዘ አይለይም።
ብርሃኔን ወደ ግራ ሳዞር ፊቶቹ ሁሉ ወደ ግራ፤
ወደ ቀኝ ስል ሁሉም ወደ ቀኝ።
አፌን ቁርጥ ያድርገው፣ ውበቱ እንባ አናነቀኝ።
በሩ ሲከፈት ግን ተበተኑ፤ ደህና ሁን የተባባለ የለም፤
ሽማግሌው ከብርቱካኑ አንዲት ፍሬ ለማንም አላቀመሰም።

«እና ምን ይሻለኛል?»
ጎንበስ ብላ ከታች አወጣች፤ ቀይ ጎቢ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያክል።
«እነዚህ አይነጉዱም፤ ስንዝር ስንዝር ተራርቆ
እያንዳንዱ ውሃ ላይ ይንጠለጠላል፤
አፉን ወደ ወራጁ አዙሮ የሚመጣለትን ይጠብቃል።
መንጋ አትበላቸው፤ አውቶቡስ ጠባቂ በላቸው» አለችኝ።
«አራት» አልኩ። «አምስት» ብላ፣ ቀና ሳትል ቋጠረችልኝ።

ማታ ላስቲኩን አንሳፍፌ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅኩ፣
ውሃ ከውሃ እስኪለምድ፤ ከዚያ በቀስታ ለቀቅኩ።
እጄ ገና ውስጥ ሳለ፣ አምስቱ አንድ ሆኑ፤
እንደ አንድ ቀይ ሐር ታጠፉ፣ ዘወር አሉ፣ ተመለሱ፣ ባከኑ።
ስድስት ወር የተመኘሁት ይኸው ነበር፣ ምንም ሳይጎድል።

እጄን አወጣሁ።

አንዱ ወደ ፓምፑ፣ ሁለቱ ወደ ኮራሉ፣ አንዱ ወደ መስታወቱ ጥግ ሲል፣
አምስተኛው የት እንደገባ እስካሁን አላየሁትም።
መብራቱን ቀነስኩ፤ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ፤
ከዚህ ጥላዬ እንኳ አይደርስባቸውም።