ዘጠኝ ከሺህ

ያን ዕለት ገመዱ በእኔ እጅ ነበረ፤
ተረከዜ ከአለት ስንጥቅ የሰፈረ፣
ዓይኔ ከማዕበሉ፣ አፌ ከቁጥሩ፤
«ሦስተኛው ይከፋል» ይላሉ የማልፒካ ሰዎች፣ ባሕር ሲያስተምሩ።

ዶሲንዳ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ከገደሉ ሥር ወርዳለች፤
በብረት መፋቂያዋ የአለቱን ቆዳ ትልጣለች።
ፐርሴቤ ነው የምትለቅመው፦
አንገቱ አውራ ጣት የሚያህል፣ አፉ ጥፍር የመሰለ፣
በገዛ ሙጫው ከድንጋይ ጋር የተማማለ፣
ባሕር በጥፊ ሲመታው ይብስ የሚጣበቅ ፍጡር፤
ለገና ሰሞን ኪሎው በወርቅ ዋጋ የሚቸረቸር።

አንድ አልኩ። ሁለት አልኩ።
ሦስተኛው ግን በሁለተኛው ጀርባ ተሸሽጎ መጣ፤
ገመዱ የመዳፌን ሥጋ ልጦ ወጣ።
ከዚያ አንድ ድምፅ፣
የደረቀ ሸንበቆ በጉልበት ሲሰበር ያለ ዓይነት፤
ያ ሁሉ ውሃ እያገሳ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ሰማሁት።

ላ ኮሩኛ፣ አራተኛ ፎቅ።
ዶክተር ኢሪያ ባላዶ ጭኗን በስክሪን አሳየችን፤
ለሁለት የተከፈለ ነጭ በትር።
ከመሳቢያዋ እርሳስ የመሰለ ቀጭን ዘንግ አወጣች፣
ርዝመቱ ከክርን እስከ ጣት።
«ሲገባ የታጠፈ ጃንጥላ ነው» አለች፤
«በትንሽ ቀዳዳ ሾልኮ መቅኔው መሃል ይተኛል፤
ከዚያ ውሃ በግፊት እንሞላዋለን፣ ቀስ እያልን፤
እጥፋቱ ይፈታል፣ ብረቱ ይነፋል፣
የአጥንቱን ግድግዳ ከውስጥ ይገፋል፤
ብሎን የለ፣ መዶሻ የለ።»
«ምን ውሃ?» አለ ወንድሜ።
«የጨው ውሃ።»
ወንድሜ ግድግዳውን አየ፤ እኔ በፋሻ የተጠቀለለ መዳፌን አየሁ፤
«ባሕር የሰበረውን በባሕር?» ልል ቃጥቶኝ ዋጥሁ።

አያቴ ኤላዲዮ ወጌሻ ነበር።
እሱ ስብራትን የሚይዘው ከውጭ ነው፦
በሸንበቆ ስንጥር፣ በእንቁላል ነጭ፣ በአሮጌ ሸራ።
«አጥንት ሌባ ነው፣ ካላሰሩት ያመልጣል» ይል ነበር።
ከውስጥ የሚያስር ገመድ ሳያይ ሞተ።
እኔም የያዝኳት ከውጭ ነበር።

በመጋቢት በክራንች፣ በግንቦት ያለ ክራንች።
ወደብ ላይ መረብ ከሚጠግኑት ጋር ተቀምጣ ትቀልዳለች፦
«ጨረቃ ስትሞላ እኔም እሞላለሁ፤
ዛሬ አትውጡ፣ ጭኔ ውስጥ ማዕበል አለ።»
ሰው ይስቃል።
ስለ ገመዱ ግን አንድ ቃል አልወጣትም፤
አንድ ጊዜ እንኳ ብትሰድበኝ በወደድኩ።

በአሥራ አራተኛው ወር ውሃው ተቀዳ፤
ዘንጉ ሟሸሸ፣ ወጣ በዚያው በገባበት ቀዳዳ።
ዶክተሯ በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ሰጠቻት፤
ዶሲንዳ ወደ መብራቱ አነሣችው፣ እንደ ዓሣ ገዢ አገላብጣ አየችው።
«ውሃው ስንት ጨው ነበረው?»
«ዘጠኝ ከሺህ።»
«ባሕሩስ?»
«ሠላሳ አምስት።»
«እንግዲያው ባሕር አይደለም።»
«አይደለም፤ እንባ ነው የሚቀርበው» አለች ዶክተሯ፣
የሚቀጥለውን በሽተኛ ስም ኮምፒውተሯ ላይ እየፈለገች።

ዶሲንዳ ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች፤
ከአደጋው ወዲህ ዓይኗ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ የመጀመሪያው ነው።
«ታዲያ» አለች፣ «የማንን ነው ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ታኅሣሥ ገባ፣ የኪሎው ዋጋ ናረ።
ከአፋፉ ላይ ቆማ ወገቧን አሰረች፣
ሌላውን ጫፍ እጄ ላይ አስቀመጠች፤
ጠባሳዬ ገመዱን ከእኔ ቀድሞ አወቀው።
«ጮክ ብለህ ቁጠር» አለች መውረድ ስትጀምር፣ «ልስማህ።»

አንድ።