የዝሆን እግር

ዘለላው ሊቆረጥ ሰባት ቀን ሲቀረው፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የማውሌን ሸለቆ
ምድር አንገቷን ሰብቃ ቀሰቀሰችው።
ኒባልዶ ባትሪ ይዞ፣ በካልሲ ብቻ ወጣ፤
ወይኑ በጨለማ፣ ከብረት ጋኖቹ መሐል፣ ሊቀበለው መጣ፣
እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ፣
ጌታውን እንደለየ ውሻ፣ ዝም ብሎ ሲልስ።

እኔን የጠሩኝ በሦስተኛው ሳምንት፤ መሐንዲስ ነኝ፣ ከኮንሴፕሲዮን፤
ሜትርና ጠመኔ ይዤ፣ ልቆጥር የወደቀውን፣
የቆመውንም። የቆመ ሁሉ ደኅና አይደለም።
አንዲቱ ጋን ከግርጌዋ ተነፍታ፣ ዙሪያዋን ተጣጥፋለች።
«ይሄን የዝሆን እግር እንለዋለን» ስለው፣ ሳቀ፤
«እዚህ አገር ዝሆን የለም፤ እግሩ በምን ዘለቀ?»

አስረዳሁት፦ ጋን ሲናወጥ ፈሳሹ ለሁለት ይከፈላል፤
የታችኛው ከግድግዳው ተጣብቆ፣ ሲሄድ ይሄዳል፣ ሲመለስ ይመለሳል፤
ግርጌዋን የሚያሳብጣት የሱ ጉልበት ነው።
የላይኛው ግን ወሬው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤
ምድር ረግታ፣ ውሾቹ ዝም ብለው፣ ሰው ተመልሶ ሲተኛ፣
እሱ ገና ይወዛወዛል፤ ወዲህ አንዴ፣ ወዲያ አንዴ፣ ሳይቸኩል፣
ክዳኑን ከውስጥ እየገፋ፣ «ልውጣ» ሲል።

ብሎኖቹን አሳየኝ፤ ከሲሚንቶው ተነቅለዋል፣ እንደ ወተት ጥርስ።
«ወፍራም ይሁኑ?» አለኝ። «መወፈር ብቻውን የት ሊያደርስ?
ይለጠጡ፤ ብሎን ይርዘም፣ ግድግዳው እንዳይቀደድ።
ከላይም ክንድ ያህል ባዶ ተውለት፣ ማዕበሉ የሚሄድበት መንገድ።»

«ባዶ?» አለ፣ እንደ ሰደብኩት ሁሉ።
«ወይን አየር ከቀመሰ ይኮመጥጣል። አባቴም አያቴም ‹እስከ አፉ› ነው የሚሉ።
ወንድሜ ኤሌውቴሪዮም...»
አቋረጠ።

አሥራ አንደኛዋ ጋን ላይ፣ ከእብጠቱ በላይ፣ የጠመኔ ጽሑፍ አለ፤
ቀን፣ ሊትር፣ አንድ ስም በጥድፊያ የተሳለ።
ኒባልዶ በዚያ ሌሊት አላለቀሰም፤
በቀብሩም ዕለት ወንበር ሲደረድር ነው የዋለ።
መንደርተኛው «ብረት ነው» አለ።
አሁን መዳፉን ብረቱ ላይ አኖረና፣ ትከሻው፣
ወዲህ አንዴ፣
ወዲያ አንዴ፣
ሳይቸኩል።

ፊቴን አዞርኩ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩ፦
«ቁጥር አሥራ አንድ። ከላይ አንድ ክንድ ይተው።»
ትንሽ ቆይቼ፣ አንዱን ሰርዤ፣ ሁለት አልኩ።