አርባ ሰባተኛዋ አይጥ

ዴጆን መሽቷል። ከማቀዝቀዣው ማጉረምረም በቀር
የሚናገር የለም ከዚህ ቤተ ሙከራ፣ ከምድር ቤቱ ሥር።
አርባ ሰባተኛዋን አይጥ ከጎጆዋ አውጥቼ
ከብርሃኑ ሳጥን አኖርኳት፣ ሰዓቴን አስነስቼ።
ጨለማው በር ወለል ብሎ ይጠራታል፤
ትናንት እዚያው ገብታ መዳፏን ነዝሯታል።
ታስታውስ ይሆን? ቆመች። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ…
ገባች። ረስታለች።
እሷን ያልነካ ኤሌክትሪክ እኔን ነዘረኝ።

ጋባ ይሉታል ስሙን፣ "ተዉ፣ ቀስ በሉ" ባዩን፣
ነርቭ ከነርቭ ሲካረር መሀል ገብቶ ገላጋዩን።
የአንጎል ሽማግሌ ነው፣ ክፋት የለው በጠባዩ፤
ያለ እሱ ራስ ቅል ገበያ ነው፣ ሁሉ ጯሂ፣ ጠፍቶ ሰሚው፣
ሽማግሌ ሲበዛ ግን ቃሉን ይረሳል አቤት ባዩ።

በታመመ አንጎል ውስጥ ኮከብ መሳይ ህዋሶች፣
ጠራጊ ሆነው የኖሩ፣
የተጣለ ፕሮቲን ውጠው፣ ውጠው፣ ሰከሩ፤
ከዋጡትም ዝምታ ጠመቁ፣ ያለ ልክ፣ ሌት ተቀን፣
ጠብ፣ ጠብ፣ የትዝታ ጉሮሮ እስኪደፈን።

እናቴ፣ ቡ ማል-ሱን፣ የጄጁ ጠላቂ ነበረች።
በአንድ ትንፋሽ ባሕር ወርዳ
ከአለት ላይ ቀንድ አውጣ ፈልቅቃ ትወጣለች፤
ስትወጣም ታፏጫለች፣ ሳንባዋን ስታራግፍ፣
ከወደቡ እሰማው ነበር፣ የሷን ከሰባቱ ለይቼ።
"ትንፋሽ መያዝስ ሕፃንም ይይዛል" ትለኝ ነበር፣
"ጥበቡ የሚለቁባትን ቅጽበት ማወቅ ነው፤
አንድ ልጨምር ያለች አትመለስም።"

አሁን ከመስኮቱ ዳር ስሜን ልትጠራ
አፏን ትከፍታለች፤
አንድ ነገር ከታች ያየች ይመስል
እዚያው ትቀራለች።

በግንቦት ኢንዛይሙን የሚያስር መድኃኒት ለአይጦቹ አጠጣን።
አርባ ሰባተኛዋ በሩ ላይ ሦስት መቶ ሰከንድ ሙሉ ቆመች!
ጢሟ ተንቀጠቀጠ፣ ወደ ኋላ ሸሸች።
ጮህኩ፤ ዘበኛው ፒዮ ሮጦ መጥቶ "እሳት ነው?" አለ።
"አስታወሰች!" አልኩት።
"ማን?" አለ።
መልስ አጣሁ።
በአራተኛው ሳምንት ገላዋ ለመደው፣ እስራቱ ላላ፤
ዛሬ ይኸው፣ ዘጠኝ።
ጋባ ሲበዛ የሚሆነው ገብቶኛል፣ በሥዕል፣ በቁጥር፤
እናቴ የገባችበት ግን እስካሁን አልገባኝ።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ "፵፯፤ ዘጠኝ ሰከንድ። ሌላ ውህድ ይሞከር።"
መብራቱን አጠፋሁ። አይጧ ገለባዋን ትቆፍር ጀመር።

ነገ እሑድ ነው፤ ጄጁ እሄዳለሁ፣
ከወንበሯ ፊት ቁጭ ብዬ አፏጫለሁ።
አንዳንዴ ከንፈሯን ታሞጠሙጣለች፣
ድምፅ አይወጣም፤
እቆጥራለሁ።